ኢንሱሊን የሚወስድ ክርስቲያን ጾሙ ምንድን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጾሙ በገባ ቁጥር ከምእመናን የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። የሚያነሡት ጾምን የሚንቁ ሰዎች አይደሉም፤ ጾምን የሚወዱ ናቸው። "የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ኢንሱሊን ከጀመርኩ ወዲህ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ታዲያ ጠዋት መርፌዬን ወግቼ፣ ቁርሴን በልቼ ጾምኩ ልል ነው?" ይላሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው የሚሞትበት ጥያቄ ነውና ረጋ ብለን እንመልከተው።

ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ኮሶዬን እናስብ። ደጋ ነው፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ገበሬው ገብሱንና ባቄላውን ይዘራል። በዚያ የሚኖር አንድ ወጣት ገበሬ አለ እንበል። ውኃ ጥሙ አልቆርጥ አለው፤ ሌሊት አሥር ጊዜ ለሽንት ይነሣል፤ እየበላ ከሳ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲመረመር ስኳር ሆነ፤ ኢንሱሊን ተጀመረለት። ባለሙያው መጠኑን በጥቂቱ ጀምሮ፣ ደሙን እየለካ ቀስ በቀስ አስተካከለለት። በጥቂት ወራት ሰውነቱ ተመለሰ፤ ሞፈሩንም ጨበጠ።

እንግዲህ ዘወረደ ገባ። እናቱ "ልጄ፣ ከዳንክ እንግዲህ እንደ ሰው ጹም እንጂ" ትለዋለች። ጎረቤቱ ደግሞ "ጠበል እያለ መርፌ ምን ያደርግልሃል?" ይለዋል። ሁለቱም ክፉ አስበው አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ተሳስተዋል፤ ደኅና የሆነው መርፌውን ስለያዘ ነው እንጂ መርፌው ስለማያስፈልገው አይደለም። ምሰሶ የደገፈውን ቤት አይቶ "ቤቱ ቀጥ ብሏል፣ ምሰሶውን አንሡት" የሚል ሰው አለን?

ኢንሱሊን ምን እንደሆነ ጥቂት እንበል። ከበላነው ምግብ የተገኘው ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሰውነታችን ሴሎች እንዲገባ የሚያደርግ፣ ቆሽት የምትባለው የውስጥ አካላችን የምታመነጨው ንጥረ ነገር ነው። እርሱ ሲጠፋ ሰው እየበላ ይራባል። ለመድኃኒትነት ያገኙት በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1921 ሲሆን፣ በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። ከዚያ በፊት ሐኪሞች ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ የነበራቸው ዋና ሕክምና ምን ነበር ትላላችሁ? ማስራብ! ምግብ እየቀነሱ ጥቂት ወራት ያቆዩት ነበር፤ በመጨረሻ ግን በሕመሙ ወይም በረኃቡ ይሞታል። ስለዚህ "ስኳሩን በጾም አጠፋዋለሁ" የሚል ወንድም አዲስ ነገር አላገኘም፤ ዓለም ከመቶ ዓመት በፊት ሞክሮ ልጆቹን የቀበረበትን መንገድ ነው የያዘው።

ሌላም የሚያሳዝን ንግግር አለ፤ "ስኳር የጥጋብ በሽታ ነው፤ በልቶ በልቶ ያመጣው ነው" ይባላል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት የሚያመጣው የስኳር ዓይነት መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን በእኛው በጎንደር፣ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ወጣቶች፣ ቀጫጮችና ድኾች መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ሕመሙ ከምግብ እጥረት ጋር ይያያዝ እንደሆነም ጠይቀዋል። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር "ዓይነት 5" ብሎ ለብቻው ተቀብሎታል። እንግዲህ በልጅነቱ በረኃብ የተጎዳውን ሰው "ጠግበህ ነው" ብለን ልንወቅሰው፣ በረኃብም ልናድነው እንዴት እንችላለን?

ቤተ ክርስቲያንስ ምን ትላለች? ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ጾምን ያለ ምክንያት የሚተወውን ይገሥጻል፤ ሕመም የከለከለውን ግን ከዚህ ይለየዋል። ነቢዩ ኤልያስ አርባ ቀን ከመጓዙ በፊት መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አብልቶታል፤ መንገዱ ሩቅ ነበርና (1ኛ ነገ. 19)። ንጉሥ ሕዝቅያስ እንደሚድን ከእግዚአብሔር ዘንድ ቃል ተሰጥቶት ሳለ፣ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዟል (ኢሳ. 38)። የተስፋው ቃል መድኃኒቱን አላስቀረውም፤ መድኃኒቱም የተስፋውን ቃል አላሳነሰውም። በ1999 ዓ.ም. የቀድሞው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ማስተማራቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ለኢንሱሊንም ነገሩ ያው ነው።

ደግሞም የኮሶዬ ሰው ይህን ከስሟ ሊማር ይችላል። ስሟ የሚያስታውሰን ኮሶ የአባቶቻችን መድኃኒት ነበር። መራራውን ኮሶ በባዶ ሆድ ሲጠጡ ማን "እምነት አነሳቸው" አላቸው? መጠኑ ሲበዛ እንደሚጎዳም ያውቁ ነበርና በልክ ይጠጡት ነበር። መድኃኒት፣ ልክና ጸሎት በአንድ ቤት አብረው ኖረዋል። ዛሬ ኮሶው በመርፌ ተተካና ነውር ሆነ?

ዲያብሎስ ጌታችንን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ምን እንዳለው እናስታውስ። ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር፣ መላእክትም እንደሚደግፉት ነበር የነገረው (ማቴ. 4)። ንግግሩ እምነት ይመስላል፤ ነገር ግን ፈተና ነበር። ኢንሱሊኑን ጥሎ "እግዚአብሔር ያውቅልኛል" የሚል ሰው ከዚያ ጫፍ ላይ እንደቆመ ይወቅ። ሰውነቱ ኢንሱሊን ጨርሶ የማያመነጭ ሰው መርፌውን ካቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ ይመረዛል፤ ያስመልሰዋል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ካልታከመም ይሞታል።

ሁለተኛው አደጋ ደግሞ መርፌውን ወግቶ አለመብላት ነው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚሰጠው ደመናማ መልክ ያለው ኢንሱሊን ጠዋት ከተወጋ ኃይሉ የሚበረታው ከረፋዱ እስከ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ይኸውም ጿሚው ዘጠኝ ሰዓትን በሚጠብቅበት ጊዜ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ስግደት አለ፤ ስግደት ደግሞ ሥራ ነውና ስኳርን ይቀንሳል። ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይለዋወጣል፣ አንዳንዴም ይጮኻል፣ ይወድቃል። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ እንዲህ ያለውን ሰው ስናይ "ያዘው" ብለን ጠበል ለመርጨት እንሮጣለን። ጠበሉን እርጩ፣ ማን ከለከለ? ነገር ግን ስኳር በሽተኛ መሆኑን ጠይቁ። መዋጥ የሚችል ከሆነ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፤ ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

"እሺ፣ ቁርሱን ይብላ፤ ታዲያ ጾሙ የቱ ላይ ነው?" ትሉኝ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኸው ነው። ጾም ፈቃድን መግዛት ከሆነ፣ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ልኩን መጠበቅ ራሱ ጾም ነው። ሌላው ሰው 55 ቀን ይጾማል፤ እርሱ ግን የልክ ጾም የታዘዘለት ዓመቱን ሙሉ ነው። በሰዓቱ መወጋት፣ በሰዓቱ መብላት፣ ከተመጠነለት አለመጨመር ቀላል ነው እንዴ? ማኅበር ላይ "በሞቴ፣ ይህችን ጠላ!" ሲባል እጅ ነሥቶ "ይቅርብኝ" ማለት፣ ስኳር የበዛበትን ሻይ መተው ቀላል ነው እንዴ? የለካውንም ቁጥር ሳይደብቅ፣ ሲበዛም ሲያንስም በደብተሩ መጻፍ እኮ ከራስ ጋር የሚደረግ ንስሐ ነው!

ከሥጋና ከወተት መከልከሉንም ሐኪሙ ካልከለከለው ከወገኖቹ ጋር ሊጾመው ይችላል፤ የሚቀርለት የሰዓቱ ጾም ነው። የጾም ምግባችን ግን እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንችና ቆሎ ይበዛበታል፤ እነዚህ ስኳርን ከፍ ያደርጋሉና እነርሱን በልክ አድርጎ ጎመኑን፣ ምስሩንና ባቄላውን ያብዛ። መርፌ የሚወጋበትን ቦታ ያፈራርቅ። ማቀዝቀዣ በሌለበት የተከፈተውን ብልቃጥ ከምድጃና ከፀሐይ አርቆ በጥላ ያስቀምጥ፤ በአብዛኛው ከአራት ሳምንት በላይ አይጠቀምበት። ጫማ አውልቆ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ነውና ማታ ማታ እግሩን ይመልከት፤ ስኳር እግርን ያደነዝዛል፣ እሾህ ቢወጋውም ላይሰማው ይችላል። ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ሲያስብ አስቀድሞ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይመካከር፤ በዐቢይ ጾም የቅዳሜና የእሑድ ቅዳሴ ጠዋት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል።

"ይህ ትምህርት ለሰነፎች ሰበብ አይሆንም ወይ?" የሚል ካለ፣ ሊሆን ይችላል እላለሁ። ጤነኛ ሆኖ "ያመኛል" የሚል አይጠፋም። ለዚህ ነው ውሳኔው ለብቻ የማይሆነው፤ የሥጋውን ነገር ሐኪሙ፣ የነፍሱን ነገር የንስሐ አባቱ ይወቁት። የአንድ ሰነፍ ሰበብ እንዳይበዛ ብለን ግን አንድ የታመነ ሰው እንዲሞት ልንፈርድ አንችልም። ሕመምተኛውም በልቶ ቢጾም በኀፍረት አይሁን፤ ደግሞም "እኔ ተፈቅዶልኛል" ብሎ አይመካ።

እኛ ጤነኞችስ? እኛ እኮ ሥራ አለብን። ሕመምተኛ በመንገዱ ቁርሱን ሲበላ ካየን ዓይናችንን እንመልስ፣ አፋችንን እንጹም። "በሞቴ" እያልን ልኩን አናስጥሰው። ከጾማችን የተረፈው ደግሞ የድኻው ነው። መርፌ ለመግዛት የተቸገረ ጎረቤት ካለ እንግዛለት፤ የማኅበረሰብ ጤና መድኅን መዋጮ ያልቻለ ካለ እንክፈልለት፤ ኢንሱሊን ሊያመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ በሬውን እንጠብቅለት። ከአራተኛው እሑድ ከመጻጉዕ የምንሰማው ይህንኑ ነው፤ ያ በሽተኛ 38 ዓመት የተኛው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው አጥቶ ነበር (ዮሐ. 5)። ውኃው አጠገቡ ነበር፤ የጠፋው ሰው ነው።

በስድስተኛው እሑድ ደግሞ ገብር ኄር ይታሰባል። ጌታው ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጠ፤ የጠየቃቸውም በተሰጣቸው ልክ ነው። ኢንሱሊን ለሚወስድ ወንድማችንና እኅታችን የተሰጠው መክሊት ይህ ሰውነት ነው፣ ይህችም ብልቃጥ ናት። "ስንት ሰዓት ድረስ ጾምክ?" ተብሎ አይጠየቅም፤ "አደራዬን ምን አደረግኸው?" ይባላል እንጂ። አደራውን እንደ ጠበቀ ለትንሣኤው ያድርሰው፤ ሁላችንንም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።