የነፍስ ኑዛዜና የንብረት ኑዛዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በቋንቋችን ኑዛዜ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው ኃጢአትን ለንስሐ አባት ገልጦ ስርየትን መለመን ነው። ሁለተኛው ሰው ከሞተ በኋላ ንብረቱ ለማን እንዲሆን ፈቃዱን ማስታወቅ ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታቸው መልካም ነው፤ የነፍሱን ዕዳ የሚያስብ ሰው የቤቱንም ዕዳ ሊያስብ ይገባዋልና። ነገር ግን ስሙ አንድ ስለ ሆነ ሥርዓቱም አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የንስሐው ኑዛዜ በካህኑ ፊት በእግዚአብሔር ቸርነት ይፈጸማል፤ የንብረቱ ኑዛዜ ግን ሕጉ ያዘዘው ጽሕፈትና ምስክር ከሌለው በፍርድ ቤት አይጸናም። ይህን ልዩነት ባለማወቅ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ወንድማማቾች በአባታቸው ዐርባ ቀን ይለያያሉ፤ መበለቲቱም ባቀናችው ቤት እንደ እንግዳ ትቈጠራለች። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ኑዛዜ ጥቂት እንነጋገር።

አስቀድሞ ስለ ፍርሃቱ። ብዙ ሰው በጤናው ሳለ ኑዛዜ ቢነሣበት ሞት የተጠራበት ይመስለዋል፤ ልጆቹም ርስት ጓጓችሁ እንዳይባሉ ዝም ይላሉ። ንጉሡ ሕዝቅያስ ግን ስለ ቤቱ ትእዛዝ እንዲሰጥ በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ ከተነገረው በኋላ፥ ወደ እግዚአብሔር አልቅሶ 15 ዓመት ተጨመረለት (ኢሳ. 38፥1-5)። እንግዲህ ቤትን ማሰናዳት ዕድሜን አያሳጥርም። ዕድሜን ለሚሰጠው ጌታ፥ በተሰጠን ዕድሜ የሠራነውን አጥርተን ማሳየት ነው እንጂ።

ይህ ምክር ለሀገራችን ሁሉ የሚጠቅም ቢሆንም፥ ከወረታ እስከ ይፋግ በፎገራ ሜዳ ለሚኖረው ምእመን ዛሬ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚወርዱበት ይህ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ጎርፍም ድንበሩን ሲሸፍነው የማሳው ምልክት ይጠፋል። በቀድሞ ዘመን ረግረጉ ለከብት ግጦሽ ይተው ነበር። በ1970ዎቹ የሩዝ እርሻ ከገባ ወዲህ ግን ያ ውኃ የሚተኛበት መሬት የሚፈለግ እርሻ ሆነ። ትናንት ማንም ያልጠየቀው ጥግ ዛሬ ወንድምን ከወንድም ያጣላል።

በቀድሞው የርስት ሥርዓት የበጌምድር ሰው ከአቅኚው አባት ዘሩን እየቈጠረ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር፤ ክርክሩም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ያም ሥርዓት ቀረ። ዛሬ ገበሬው የያዘው የይዞታ መብት ነው። ይህ መብት አይሸጥም፤ ለወራሽ ግን ይተላለፋል፤ የሚተላለፈውም በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ መሠረት ነው። ቤቱ፥ ከብቱ፥ እህሉና ገንዘቡ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የውርስ ሥርዓት ይዳኛሉ። እንግዲህ አንድ አባት መሬቱንና በሬውን በአንድ ቃል ሲናዘዝ ሁለት ሕግ የሚመለከተውን ነገር መናገሩን ይወቅ። ይዞታውን በሚመለከት የማረጋገጫ ደብተሩን ይዞ አስቀድሞ የወረዳውን መሬት ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

የጽሕፈትና የምስክር ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በገበያ በሬ የሚገዛ አስተዋይ ሰው ሻጩን ዋስ ጥራ ይለዋል፤ ዋሱን ሳያይ ብሩን አይቈጥርም። ለአንድ በሬ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው፥ ለዕድሜ ልክ ድካሙ ሁሉ አንድ ወረቀት ሳይተው ማለፉ እንዴት ነው? ነቢዩ ኤርምያስን እናስብ። ኢየሩሳሌም ተከባ፥ እርሱም በግዞት ሳለ፥ በአናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። የውሉን ወረቀት ጻፈ፥ አተመ፥ ምስክሮች አቆመ፤ ለጸሓፊው ለባሮክም ሰጥቶ ብዙ ዘመን እንዲኖር በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው (ኤር. 32፥9-14)። እግዚአብሔር የሚናገረው ነቢይ ምስክር አያስፈልገኝም አላለም፤ ጽሕፈት የሚያውቀውንም ሰው ለመጠየቅ አላፈረም።

አሁን ሕጉ የሚፈልገውን በአጭሩ እንናገር። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተናዛዡ ራሱ ወይም እርሱ እየነገረው ሌላ ሰው የሚጽፈው ነው። በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም ቀኑም በጽሑፉ ላይ ይገለጣል፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርሙበታል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ውል የሚያዋውል ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ዛሬ አንዱ፥ ነገ ሌላው በየቤቱ እየዞሩ የፈረሙበት ወረቀት ግን በክርክር ቀን ይወድቃል። ሰው በገዛ እጁ የሚጽፈው ኑዛዜም አለ፤ ሙሉ በሙሉ በእጁ የተጻፈ፥ ኑዛዜ መሆኑ የተገለጠበት፥ ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን ይገባዋል። በ7 ዓመት ውስጥም በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም ውል በሚያዋውል ሹም ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ባልና ሚስት በፍቅር ብዛት በአንድ ወረቀት አብረው ቢናዘዙ ኑዛዜው ፈራሽ ነው፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጻፉ።

በሞት አልጋ ላይ በቃል የሚነገረውስ? ሕጉ በሁለት ምስክር ይቀበለዋል፤ ነገር ግን ስለ ቀብሩ ሥርዓት፥ ስለ ሕፃናት ልጆች አሳዳጊና ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። በዛሬ ገበያ 500 ብር አንድ ኩንታል ሩዝ አይገዛም። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ ለመጨረሻዋ ትንፋሽ የሚያቆይ ሰው ምንም እንዳልተናዘዘ ይቈጠራል።

ከዚህም ጋር ሰው የእርሱ የሆነውን ብቻ መናዘዝ እንደሚችል ይወቅ። በትዳር ውስጥ የተፈራው ንብረት የባልና የሚስት የጋራ ነው፤ የሚስቲቱ እኩሌታ ከውርስ አይቈጠርም፥ የራስዋ ነውና። ኑዛዜ በሌለ ጊዜም ወንድና ሴት ልጆች በፍትሐ ብሔር ሕጉ እኩል ይወርሳሉ። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው የአባታቸውን ድርሻ በጠየቁ ጊዜ፥ እግዚአብሔር እውነት እንዳላቸው ፈርዶላቸዋል (ዘኍ. 27፥1-7)። አባት በቍጣ ልጁን ሊነቅል ቢፈልግ እንኳ፥ ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ ካልገለጠ ንቀላው አይጸናም።

አባቶቼ ካህናት ሆይ! አሁን የምናገረው ለእኛ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕግ እንግዳ አይደለችም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ኢብን አል-አሳል ያዘጋጀው፥ ወደ ግእዝም የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ያስተምራል፤ ሊቃውንቱም በዐደባባይ ሲጠየቁበት ኖረዋል። ዛሬ ግን ዳኛው የሚፈርደው ከላይ በተናገርነው ሕግ ነው፤ ይህን ሳናውቅ የታመመውን ሰው፥ «ለእኔ ነግረኸኛልና ይበቃል» ብንለው ልጆቹን እንጎዳለን። በሞቱ ዋዜማ ለእኛ ወይም ለደብራችን እንዲናዘዝ ከመገፋፋትም እንጠበቅ። ተናዛዡ ከመሞቱ በፊት ባለው 6 ወር ውስጥ መንፈሳዊ አገልግሎት ለሰጠው ሰው የተደረገውን ስጦታ ፍርድ ቤቱ ሊቀንሰው ወይም ሊሽረው ሥልጣን አለው። የተዝካር ወጪም ከቀብር ወጪ ጋር ከውርሱ ቀድሞ የሚከፈል አይደለም። ጌታችን ለእናትና ለአባት የሚገባውን ቍርባን ነው ብለው የሚነፍጉትን ገሥጾአቸዋል (ማር. 7፥10-13)፤ ከመበለቲቱ እኩሌታና ከሕፃናቱ ጉሮሮ ተቈርጦ የሚመጣ ስጦታም ከዚያ አይለይም። ለቤተ ክርስቲያን መስጠት የሚወድ ምእመን በጤናው፥ ከራሱ ድርሻ፥ በግልጽ ይስጥ።

ታዲያ ረዳቱ ማን ነው? አቅም ያለው ሰው ፈቃድ ያለውን ጠበቃ ያማክር፤ ገና ባልተነሣ ክርክር ላይ የሚከፈል ጥቂት ገንዘብ፥ በተነሣው ላይ ከሚጠፋው ላምና በሬ ይቀላል። አቅም የሌለውም አይፈር። በባሕር ዳርና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ያሉት የሕግ ትምህርት ቤቶች ለችግረኞች ያለ ዋጋ የሕግ ድጋፍ ሲሰጡ ቈይተዋልና እዚያ ይጠይቅ። በፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው ጽሕፈት ቢያምርለት እንኳ፥ የኑዛዜን ሥርዓት ማወቁ ይመርመር። ወደ አማካሪው የሚሄድም ሰው የይዞታ ደብተሩን፥ የጋብቻ ማስረጃውን፥ የልጆቹን ሁሉ ስም፥ ያለበትንና ያለውን ዕዳ ጽፎ ይሂድ። ከትዳር ውጭ የወለደው ልጅ ካለም አይደብቅ፤ ሕጉ ልጅን ከልጅ አይለይምና። እዚህ ላይ ሁለቱ ኑዛዜዎች ይገናኛሉ፤ ለንስሐ አባቱ እውነቱን የተናገረ ሰው ለሕግ ዐዋቂውም እውነቱን መናገር አይከብደውምና።

አንድ ሰው ወንድሙ ርስት እንዲያካፍለው ጌታችንን በለመነው ጊዜ፥ ጌታችን አካፋይ ዳኛ አልሆነለትም፤ ከመጎምጀት እንዲጠበቁ አስተማረ እንጂ (ሉቃ. 12፥13-15)። ይኸው ጌታ ግን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጠ (ዮሐ. 19፥26-27)። ከዚህ የምንማረው ገንዘብን መናቅና የቤተ ሰብን ነገር ቸል ማለት አንድ አለመሆናቸውን ነው። እንግዲህ ዛሬ በጤናችን ሳለን፥ ንስሐችንን ለአባታችን፥ ፈቃዳችንን ለሕጉ አስረክበን፥ ለልጆቻችን ከእርሻው አስቀድሞ ሰላምን እናውርሳቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።