ግጥምሽን ማን አረመው?

ልጄ፣ የላክሽልኝን አነበብኩት። የዕድሜ እኩዮችሽ መጽሐፍ ሲያስመርቁና መድረክ ላይ ሲወጡ በስልክሽ እያየሽ፣ «እኔ ማንኩሳ ተቀምጬ ስድስተኛ ክፍል አስተምራለሁ» ብለሽ ብዕርሽን ማስቀመጥሽ አሳዘነኝ። ዝም ብለሽ ነው ብዬ ግን አላቃልልብሽም። አዲስ አበባ ያለው ገጣሚ «ጦቢያ ግጥም በጃዝ»ን የመሰለ መድረክ ያገኛል፤ ማተሚያ ቤቱም መጻሕፍት መደብሩም ቅርቡ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ፣ አንዲት ስንኝ የምትለጥፊበት መንገድ አልነበረሽም። እነሱ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲለጥፉ ከርመዋል። አሁን ተከታይ ከተከታይ ቆጥሮ ማን ገጣሚ ነው ማለት ምን ዓይነት ዳኝነት ነው?

እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ግጥምሽን ላይክ ያደረጉልሽ አርባም ይሁኑ አርባ ሺህ፣ ስንኙ የት ላይ እንደሚሰበር የነገረሽ አለ?

የተወለድሽበት አገር የቅኔ አገር ነው። በዋሸራም በጎንጅም ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ቀኑን ዛፍ ሥር ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር ይውልና የደረሰውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ይሰማል፤ ያርማል፤ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ይመልሰዋል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና የጀመረው ልጅ ስምንት ቤቱን መወድስ እስኪሞላ ድረስ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየተጋፈጠ ነው የሚማረው። ሲበቃም ለበዓሉ የተቀኘውን ያንኑ ቅኔ በሌላ በዓል አይደግመውም፤ የሌላ ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብማ ነውር ነው። እንግዲህ አስቢው፤ የስንት ቀን ድካም፣ የሰማው በዚያች ሌሊት በማኅሌቱ የቆመ ሰው ብቻ። ሆኖም ባለቅኔው ማን እንደሆነ አገር ያውቅ ነበር፤ የሰሙት ቅኔ የሚያውቁ ናቸውና። (ቅናት አልነበረም አልልሽም። ባለቅኔ ባለቅኔን የሚወጋበት ነገር ከቲክቶኩ ስድብ የባሰ ነው፤ ቢያንስ ግን ቤት ይመታ ነበር።)

ማንኩሳን ደግሞ እንደ ግዞት ቦታ አትጥሪያት። ሐዲስ ዓለማየሁ የልቦለዳቸውን ባለታሪክ በዛብህን ያስወለዱት እዚያ ነው። እሳቸው ራሳቸው በ1902 ዓ.ም. ተወልደው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ነው። በመካከሉ ጦርነት አለ፣ የጣልያን እስር አለ፣ የዲፕሎማትነት ሥራ አለ፣ ሚኒስትርነት አለ። በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ በዛብህንና ሰብለወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጆች አወቃቸው። ይህን ያነሳሁት አንቺም በስተርጅና ትታወቂያለሽ ብዬ ልሸነግልሽ አይደለም። ላትታወቂ ትችያለሽ። ሐዲስ በሃምሳ ዓመታቸው ራሳቸውን ከሌላው ጋር እያስተያዩ ብዕራቸውን ቢጥሉ ኖሮ ግን በዛብህ የሚባል ሰው አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ስልክሽን ጣይው አልልሽም፤ ከመጻፍሽ በፊት ግን አትክፈቺው። የሚያስቀናሽ ገጣሚ ካለ ተከታዩን መቁጠር ትተሽ ግጥሙን ደጋግመሽ አንብቢ። ቤት እንዴት መታ? የትኛውን ቃል ቆጠበ? ያን ጊዜ ቅናትሽ ትምህርት ይሆንልሻል። የራስሽንም ከመለጠፍሽ በፊት ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ለሰው አንብቢ። ቡሬ ያለችው ጓደኛሽ አትራራልሽም ብለሻል፤ እንግዲያው ለሷ አንብቢላት። የደብሩን መሪጌታ ጠይቂ። ከሁሉም በፊት ግን ለእናትሽ። ፊደል አልቆጠረችም እንጂ ሙሾ ስታወርድ ለቀስተኛው በሙሉ የሚያነባላት ሰው ናት፤ ማንም ቀርጿት አያውቅም። ያዘነ ሰው የትኛው ቃል ላይ እንደሚሰበር ከሷ በላይ የሚነግርሽ መምህር ፍኖተ ሰላምም፣ አዲስ አበባም አታገኚም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደ ፍኖተ ሰላም ስትመጪ ደብተርሽን ይዘሽ እኔ ዘንድ ጎራ በይ። ስለ አባትሽ በሬዎች የጻፍሽው ጥሩ ነው፤ ሦስተኛው ስንኝ ግን ያነክሳል፤ አብረን እናየዋለን።