«እሺ» ካሉ በኋላ



በደሴ ፒያሳ ሻይ ቤቶች ለሕግ ትምህርት የተመደበ ወጣት ወዲያው «ዳኛው» መባል ይጀምራል። ይህ ወጣት ቦታውን ከተቀበለ በኋላ ልቡ ወደ ሌላ ቢያዘነብልስ?

በ3ኛው መቶ ዘመን ጎርጎርዮስ፣ ኋላ ገባሬ ተአምራት የተባለው፣ በቤሩት ሕግ ሊማር ከጳንጦስ ወጣ። ከወንድሙ ጋር እኅታቸውን ወደ ባሏ ሊያደርሱ ቂሣርያ ቢገቡ፣ ከመምህሩ ከአርጌንስ እግር ሥር ተቀምጠው ቀሩ። የአንጾኪያው ሳዊሮስ ግን እዚያው ቤሩት ሕግ ተምሮ ነው የመነኰሰው። እንግዲህ ሕግ መማርን ዓለማዊነት የሚሉትን አንሰማቸውም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 እሄዳለሁ ብሎ የቀረውን ልጅ እናስብ። አባቱ ሠራተኛ አለኝ ብሎ ተቀምጧል፤ ወይኑ ግን ሰው የለውም። እኛም ዝም ብለን ስንቀር ወንበሩ በስማችን ታስሮ ይቆያል፤ አንዱ የኮምቦልቻ ልጅ ያንኑ ወንበር ይመኛል።

ደግሞ ፈተና ፈርተን «እግዚአብሔር ጠራኝ» እንዳንል ከንስሐ አባታችን ጋር እንመርምር። ከቆረጥን ሬጅስትራር ቀርበን በጽሑፍ እንሰናበት። አባታችንም ከጎረቤት ሳይሰማ ከእኛው አፍ ይስማ፤ ድግሱ ከተበላ በኋላ ይህ ከሁሉ ይከብዳል።