ሲምፎኒ ሰውን ደግ ያደርጋልን?

በቅርቡ አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን የቤትሆቨንን ሦስተኛ ሲምፎኒ እያዳመጥን ነበር። ሁለተኛው ክፍል፣ ያ የቀብር ጉዞ የሚመስለው ዝግተኛ ዜማ፣ ሲጀምር መብራቱን አጠፋን። ምን ልደብቅ፣ ዕንባዬ መጣ። በዚያው መካከል በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ባይ የጎን ክፍላችን ልጅ ነው፤ ትኩሳት ይዞት ሁለት ቀን ተኝቷል። «ወንድም፣ የሚጠጣ ውሃ ካላችሁ» አለኝ። «እሺ፣ ይኸ ነገር ይለቅና አመጣልሃለሁ» ብዬ መለስሁት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ዜማው አልቆ ውሃውን ይዤ ብሄድ ልጁን እንቅልፍ ወስዶታል።

ነገሩ ትንሽ ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። በዓይኑ ላላየው ሟች ያለቀሰ ሰው፣ በሩ ላይ የቆመውን ሕመምተኛ እንዴት ሳያይ ቀረ?

ጉዳዩን ለጓደኞቼ ባነሣ ክርክር ሆነና አረፈው። አንደኛው «ድሮስ! ሲምፎኒ የመሳፍንት እራት ማጣጣሚያ አይደል እንዴ? ከእሱ ምን ደግነት ትጠብቃለህ?» አለ። ሁለተኛው ደግሞ «ጥበብን ከምግባር ጋር ምን አገናኘው? ውበት ውበት ነው፤ ለምንም አያገለግል፣ በምንም አይጠየቅ» ሲል ተከራከረ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል ባይ ነኝ። ለምን ቢሉ፣ የሲምፎኒ ታሪክ ራሱ ለሁለቱም መልስ አለውና።

የመጀመሪያው ጓደኛዬ ስለ መሳፍንት ያለው ሐሰት አይደለም። ዮሴፍ ሃይድን እ.ኤ.አ. በ1761 በኤስተርሃዚ መሳፍንት ቤት ሲቀጠር የፈረመው ውል ዛሬ ሲነበብ ያሳቅቃል። የቤቱን መለያ ልብስ ለብሶ፣ ነጭ ካልሲውን ስቦ፣ በየቀኑ ከእልፍኙ ደጃፍ እየቀረበ ልዑሉ ሙዚቃ ያዝዙ እንደሆነ መጠየቅ ነበረበት። የደረሰውን ድርሰት ያለ ጌታው ፈቃድ ለሌላ ሰው መስጠት አይችልም። ይኸ ግዴታ የተነሣለት በ1779 አዲስ ውል ሲፈርም ነው። እንግዲህ ከመቶ በላይ ሲምፎኒ የደረሰው፣ «የሲምፎኒ አባት» የሚባለው ሰው ኑሮው ከአሽከር ብዙም አይርቅም ነበር ማለት ነው።

ዳሩ ግን በ1772 የሆነውን እንይ። ልዑሉ በገጠሩ ቤተ መንግሥት ሰንብተው አልመለስ አሉ። ሙዚቀኞቹ ሚስትና ልጆቻቸውን ከተማ ጥለው መጥተዋል። አቤት ቢሉ ማን ይሰማል? ሃይድን አንድ ሲምፎኒ ደረሰ፤ ዛሬ «የስንብት» የሚባለውን። በመጨረሻው ክፍል ሙዚቀኞቹ እየተራ ድርሻቸውን ይጨርሱና ሻማቸውን እፍ ብለው አጥፍተው ይወጣሉ። በመጨረሻ ሁለት ቫዮሊን ብቻ ይቀራሉ፤ እነሱም ይወጣሉ፤ ጨለማ ይሆናል። እንደሚተረከው ልዑሉ ነገሩ ገባቸውና በማግስቱ ጓዝ ተጫነ። ሰሙ ዜማ፣ ወርቁ አቤቱታ! በጌታ ቤት የተሠራ ሁሉ ለጌታ ያደረ ነው የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ቤትሆቨን የአሽከር ልብስ አልለበሰም። እኔን ያስለቀሰኝን ሲምፎኒ በ1803 እና በ1804 ሲደርስ ናፖሌዎን ቦናፓርትን የነፃነት ሰው አድርጎ ይመለከተው ስለ ነበር፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሙን አኖረ። በግንቦት 1804 ናፖሌዎን ንጉሠ ነገሥት ነኝ ማለቱን ሲሰማ ግን፣ ተማሪው ፈርዲናንድ ሪስ እንደ ጻፈው፣ በቁጣ ገጹን ቀደደው። እስከ ዛሬ በቆየ አንድ ሌላ ቅጂ ላይ ደግሞ ስሙ ከመፋቁ የተነሣ ወረቀቱ ተበስቷል። ይህን ታሪክ እንወደዋለን፤ ጀግና ያደርገዋልና። ነገር ግን ሰውዬው በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ለአሳታሚው ሲጽፍ የሲምፎኒው ርእስ «ቦናፓርት» መሆኑን ገልጿል። መታሰቢያነቱም በመጨረሻ የሄደው ገንዘብ ለከፈለው ለልዑል ሎብኮቪትዝ ነው። ሕሊናም ኪስም በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ያድራሉ!

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ያች ቀዳዳ ናት። ስሙ ወጣ፤ ዜማው ቀረ። ሟቹ ማነው? ዜማው አይናገርም። እያንዳንዱ አድማጭ በቀዳዳዋ የራሱን ሰው ያስገባል። እኔም ያን ማታ ያስገባሁት ማንን እንደ ነበር ራሴን ብመረምር፣ አፍሬ ልናገር፣ ራሴን ነው። ያለቀስሁት ለራሴ ነበር።

ሁለተኛው ጓደኛዬ «ውበት በምንም አይጠየቅ» ብሏል። ለእሱ ዘጠነኛውን ሲምፎኒ አቀርብለታለሁ። ግንቦት 7 ቀን 1824 ቪየና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ቤትሆቨን ደንቁሯል፤ ጭብጨባውን እንዲያይ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ያዞሩት ሌሎች ናቸው። በመጨረሻው ክፍል መዘምራን ተነሥተው በሺለር ግጥም የሰውን ልጅ ወንድማማችነት ያውጃሉ። ይኸው ሲምፎኒ ሚያዝያ 19 ቀን 1942 በርሊን ውስጥ፣ በሂትለር የልደት ዋዜማ፣ በታላቁ የኦርኬስትራ መሪ በፉርትቬንግለር ተመራ። አዳራሹ ውስጥ የናዚ ሹማምንት ተቀምጠዋል። ከአዳራሹ ውጭ ሰው እንደ እንጨት ይነዳል። በ1974 ደግሞ የነጮቹ የሮዴሽያ መንግሥት፣ የጥቁሩን ሕዝብ መብት ረግጦ፣ ይህንኑ የወንድማማችነት ዜማ ብሔራዊ መዝሙሩ አደረገው። እንዴት ነው ነገሩ? ዜማው አልተዛባ፣ ድምፁ አልሻከረ! ለክፉም ለደጉም እኩል አማረ። ስለዚህ በሲምፎኒ ማልቀስ የደግነት ምስክር ወረቀት ሊሆን አይችልም።

«እንግዲያው ምን ይረባናል?» ትሉኝ ይሆናል። በዚያው በ1942፣ ነሐሴ 9 ቀን፣ ሌኒንግራድ ውስጥ የሆነውን ላንሣ። ከተማዋ ከ1941 መስከረም ጀምሮ በጀርመን ጦር ተከባ ሕዝቡ በረኃብ እያለቀ ነው። የሾስታኮቪችን ሰባተኛ ሲምፎኒ ለመጫወት የሬዲዮው ኦርኬስትራ ሲጠራ አብዛኛው ሙዚቀኛ ሞቷል ወይም መቆም አቅቶታል። ነፊዎቹ ጥሩምባ የሚነፉበት ትንፋሽ አልነበራቸውም። የቀሩት ተፈልገው፣ ከጦሩም ሙዚቀኛ ተጨምሮ፣ ተጨማሪ ቀለብ እየተሰጣቸው ተለማመዱ። ካርል ኤሊያስበርግ እየመራ ተጫወቱት፤ ድምፁ በከተማው ማጉያዎች ተሰማ። መንግሥት ለፕሮፓጋንዳ አልተጠቀመበትም አልልም፤ ተጠቅሞበታል። ሆኖም በረኃብ የደከመ ሰው ከጎኑ ያለውን ደካማ ድምፅ እየጠበቀ፣ እሱም እየተጠበቀ፣ ያን ረጅም ሥራ ከዳር አድርሶታል።

የእኔም አሳብ እዚህ ላይ ነው። ሲምፎኒ ሰውን ደግ አያደርግም። ግን አንድ ነገር ያስተምራል፤ መስማትን። ከስድሳና ከሰማንያ መሣሪያ መካከል አንዲቱን ቀጭን ዋሽንት መለየት፣ ጥሩምባው ሲያገሣ ከበታቹ የሚያጉረመርመውን አለመዘንጋት፣ ያለፈው ዜማ ተለውጦ ሲመለስ ማወቅ ቀላል ትምህርት አይደለም። ይህን የተማረ ሰው «አልሰማሁም» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ያልተማረው ምናልባት ይማርለት ይሆናል። በርሊን አዳራሽ የተቀመጡት ሰዎች ጥፋት የሚከብደውም በዚህ ነው፤ ጆሮ ነበራቸው። በትንሹም ቢሆን የእኔ እንደዚያው ነው። የበሩን ድምፅ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው «ይለቅና» ያልሁት።

ታዲያ ሙዚቃውን ልተወው? አልተወውም። በሚቀጥለው ጊዜ ግን መብራቱን አላጠፋም፤ በሩንም ገርበብ አደርገዋለሁ።

ልጁ ድኗል። ይቅርታ ብጠይቀው «የምኑን?» አለኝ፤ እሱ እንኳ ረስቶታል። ሁለቱ ጓደኞቼ ግን ዛሬም አልተስማሙልኝም፤ አንደኛው «የባለ ጊዜ ጸጸት» ይለኛል፣ ሁለተኛው «ሰባኪ ሆንህ» ይለኛል። ከአንባብያን መካከል የሚቃወም ካለ ብዕሩን ያንሣና በሚቀጥለው እትም እንገናኝ።