የታመመው ልጅ ድርሻ

የሠፈራችን አንድ አባወራ ቤቱን ሸጠ። ሦስት ልጆች አሉት፤ የሸጠው ግን ለመካከለኛው ሲል ነው። የ11 ዓመቱ ልጅ ቫልቭ ከሚሏቸው የልብ በሮች አንዱ በደንብ አልዘጋ ብሎት ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናው ሳይውል ሳያድር ቢደረግለት እንደሚሻል ተናገሩ፤ አባትየውም ህንድ ሊወስደው ቆረጠ። እኛ የዕድሩ ሰዎች አዋጣን። ያዋጣነው ለአውሮፕላን ትኬቱ እንኳ አልበቃም።

የቤቱ ውል የተፈረመ ዕለት ቡና ተጠርቼ ነበር። ቡናውን የምትቀዳው ታላቂቱ ልጅ፣ ጀበናውን እንደያዘች፣ «አባዬ፣ እኔ ብታመምስ?» አለችው። አባቷ ዝም አለ። እኔም ሲኒዬን ይዤ መሬት መሬት አየሁ።

ለመሆኑ ያ ቤት የማን ነበር? ካርታው በአባት ስም ቢሆንም የሦስቱም ልጆች ማደሪያ ነው። ለአንዱ ሲሉ የሁለቱን ማውጣት ፍትሕ ነውን? ሕክምናው ባይሳካ ልጁም ቤቱም ይቀራሉ የሚል ሰው በሠፈራችን አልጠፋም። እውነቱን ለመናገር ስሌቱ ስሕተት የለበትም። ይሁንና አስሊው ልጁ ተንጋሎ መተኛት አቅቶት፣ በትራስ ተደግፎ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አልሰማም።

እኔ አባትየው ልክ ነው እላለሁ። ልጆችን እኩል መውደድ ብርን ለሦስት መክፈል አይደለም፤ ማናቸውም ቢወድቁ ያው እንደሚደረግላቸው እንዲያምኑ ማድረግ ነው። እንዲህ ከሆነ ለልጅቷ መልስ አላት፤ «ላንቺም እሸጠው ነበር» ሊላት ይችል ነበር። ያላላት ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቤት የሚሸጠው አንዴ ነው። ቀድሞ የታመመው ወሰደው።

ይህ ጣጣ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ማኅበር ሲያቋቁሙ ልጆቹን ውጭ አገር ልኮ ከማሳከም ሌላ መንገድ አልነበረም። በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከሉ የተከፈተው በ2009 ነው። በእነዚያ 20 ዓመታት ውስጥ እያንዳንዱ ብር ሁለት ጠያቂ ነበረበት፤ ዛሬ የሚሞተው ልጅና ነገ የሚሠራው ሕንፃ።

ሦስተኛም ጠያቂ አለ፤ እሱ ግን ድምፅ የለውም። በአገራችን የብዙ ልጆች የልብ በር የሚበላሸው በተራ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ሩማቲክ በሚባለው ትኩሳት በኩል ነው። የጉሮሮውን ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ማከም ይቻላል፤ መድኃኒቱም ርካሽ ነው። ታዲያ ለፔኒሲሊን ቤቱን የሸጠ፣ ዕድር የሰበሰበ ማን አለ? ሳይታመም የቀረ ልጅ ፎቶግራፍ የለውም፤ እናቱም በራችንን አታንኳኳም። አሜሪካዊው የሥነ ምግባር ምሁር አልበርት ጆንሰን በ1986 ፊት ለፊታችን ያለውን ሰው ለማትረፍ ወጪ ሳንቆጥር የምንሮጥበትን ይህን ዝንባሌ «የማዳን ደንብ» ብሎ ሰይሞታል። እኔ በዝንባሌው አላፍርበትም። የማፍረው በሌላው ነው፤ ለዕድራችን ልጅ ባዋጣሁበት ሳምንት የገዛ ልጄ ጉሮሮዬን አመመኝ ብትለኝ ዝንጅብል በሻይ ሰጥቼ አስተኛኋት።

ልጁ ድኖ ተመለሰ። አሁን በኪራይ ሁለት ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። ትኩሳቱ እንዳይመለስበት በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል፤ ጤና ጣቢያ የምታደርሰው ታላቅ እህቱ ናት። አልፎ አልፎ መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ፤ እሱ ወደፊት ይሮጣል፣ እሷ ካርዱን ይዛ ትከተላለች። አባቷ ያቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለሰላትም፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችውም።