ታሪክ የሌለው መንደር ይኖራል?

ታሪክ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ዙፋንና ጦር ሜዳ ነው። እንጦጦን እንመልከት። ምኒልክ በ1870ዎቹ ከተማቸውን በተራራው አናት ቆረቆሩ፤ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ደፉ። እቴጌ ጣይቱ ግን በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው አካባቢ አዲስ አበባን ሰይመው ነበርና፣ ቤተ መንግሥቱ ወደ ሜዳው ወረደ። ታሪክ ጸሐፊውም ብዕሩን ይዞ አብሮ ወረደ። ከዚያ ወዲያ በእንጦጦ የኖረው ሰው ታሪክ አልነበረውም ማለት ነውን?

በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ተራራውን ሲያለብሰው፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን የወረዱ ሴቶች ነበሩ። አዲስ አበባ ለብዙ አሥርት ዓመታት እንጀራዋን የጋገረችው በእነርሱ ጫንቃ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ከምናርፍበት ጥላ ሥር ሆነን፣ ይህ ዛፍ የስንቱን ወገብ አጎበጠ ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?

ወደ የካ ብንሻገርም ያው ነው። ከአለት የተፈለፈለውን ዋሻ ሚካኤልን ትውፊቱ ለአብርሃና አጽብሃ ይሰጠዋል፤ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ መካከለኛው ዘመን ያመጡታል። ክርክሩ ሁሉ “በየትኛው ንጉሥ ዘመን?” የሚል ነው። መሮ የጨበጠውን፣ ለእርሱም ንፍሮ የቀቀለችለትን የሚያነሳ የለም። “የካ” የሚለው ስም ራሱ ከከተማው በፊት በዚያ ይኖር የነበረ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ክፍለ ከተማው በስሙ ይጠራል፤ ባለስሞቹን ግን ስንቱ ያስታውሳቸዋል?

“ሁሉን ማስታወስ አይቻልም፤ መርሳትም የተፈጥሮ ሕግ ነው” የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን መርሳትና ከመጀመሪያው አለመቁጠር ይለያያሉ። መርሳት በንጉሡም በእረኛውም ላይ ይደርሳል። አለመቁጠር ግን ፍርድ ነው፤ “አንተ ኖረህም አልኖርህም” ማለት ነው።

በፖላንድ ገጠር የአንዲት ትንሽ መንደር ታሪክ የሚገኘው በአብዛኛው ከደብሯ መዝገብ ነው። የተጠመቀው፣ ያገባው፣ የሞተው፣ ባላባቱም ጭሰኛውም በዚያ ተጽፏል። እኛስ መዝገብ የለንም? አለን፤ እድር አለን። በእድር መዝገብ ወርሃዊ መዋጮ የከፈለው፣ የታመመው፣ የተቀበረው ሁሉ ስሙ ሰፍሯል። ሀብታምም ድኻም በአንድ ድንኳን ሥር የተለቀሰለት መሆኑን የሚመሰክር እንደ እርሱ ያለ ሰነድ የት ይገኛል?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ፒያሳን ጨምሮ የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ለፈረሰ ቤት ምትክ ወይም ካሳ ይተመን ይሆናል። ነዋሪው በየአቅጣጫው ሲበተን ግን እድሩም አብሮ ይበተናል፤ መዝገቡም በአንድ ሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል፤ ወይም ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ለእርሱ የወጣ ተመን የለም።

ከተማ መታደሱን የሚጠላ የለም። ሆኖም የመንደርን ታሪክ ከመጥፋት ለማዳን ሐውልት ማቆም አያስፈልግም፤ መዝገቡን መቅዳት ይበቃል። እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ የሰፈርዎ እድር መዝገብ ዛሬ ማን ቤት ነው ያለው?