ከእሳት ተራራ መሸሽ የእምነት ጉድለት ነውን?

በሀገራችን ምሥራቅ፥ በአፋር ምድርና በስምጥ ሸለቆው፥ ከእሳት ጋር ተጎራብተው የሚኖሩ ወገኖች አሉን። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ የተባለው ተራራ፥ ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በታሪክ ያልተመዘገበ ሲሆን፥ በድንገት ፈነዳ፤ አመዱም 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረና እስከ የመንና እስከ ህንድ ሰማይ ደረሰ። በአፍዴራ ያሉ አርብቶ አደሮችም የከብቶቻቸው መሰማሪያ አመድ ለብሶ አገኙት። ከዚህ ቀደም በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ አካባቢ የቀለጠ ዐለት ከምድር በታች መንገድ እየገፋ ሲሄድ ምድር ለወራት ተናወጠች፤ የመናወጡም ኃይል በመለኪያው እስከ 6 ደረሰ፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ቤታቸውን ትተው ወጡ።

እኛ በጫግኒ የምንኖር ይህን የሰማነው ከሩቅ ነው። ነገር ግን ወሬው በተነገረበት ስፍራ ሁሉ ሁለት ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አንደኛው፥ ይህ መከራ በነዚያ ሰዎች ላይ የመጣው ስለ ኃጢአታቸው ነውን? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው ከእሳቱ ቢሸሽ እምነቱን አጎደለ ይባላልን? የሚል ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ለመራቀቅ ብቻ የሚነሡ አይደሉም። በጭንቅ ሰዓት ሕዝቡ የካህኑን አፍ ይመለከታልና፥ የሚሰጠው መልስ ብዙዎችን ሊያድን ወይም ሊያጠፋ ይችላል።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ የቋንቋችን ስም ራሱ ያሳስተናል። እንዲህ ያለውን እሳት «እሳተ ገሞራ» ብለን ስለምንጠራው፥ ተራራው በነደደ ቍጥር የገሞራ ሰዎች በደል በልባችን ይመጣል። ጌታችን ግን የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተምሮ፥ ሰሚዎቹ ሁሉ ወደ ገዛ ንስሓቸው እንዲመለከቱ አዘዘ። በፈንታሌ ደቡባዊ ግርጌ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ አንድ የክርስቲያን ከተማ ከነቤተ ክርስቲያኑ በእሳቱ እንደ ጠፋ ይነገራል። እንግዲህ እሳቱ ቅዳሴ ከሚቀደስበት ስፍራ ካልተመለሰ፥ እኛ በጎረቤታችን ላይ ፈራጆች እንሆን ዘንድ ማን ሾመን?

የነገሩ መንሥኤ ሊቃውንት መርምረው የደረሱበት ነው። በአፋር ሦስት የምድር ገጾች እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ፤ በሚከፈተውም ስፍራ የቀለጠው ዐለት ከታች ይወጣል። መስከረም 16 ቀን 1998 ዓ.ም.፥ ደመራ በሚደመርበት ዕለት፥ በዳባሁ አጠገብ ምድር ተከፍታ አመድ ተፋች፤ በዚያው ወቅት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መሥመር ምድሪቱ ተለያየች፤ ስፋቱም በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ነበር። ይህ ሁሉ በፈጣሪ የተሠራ የምድር ጠባይ ነው እንጂ በአንድ ነገድ ላይ ብቻ የተጻፈ የፍርድ ደብዳቤ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ስሙን የሰጠን የገሞራ ታሪክ ራሱ መልሱን ይዟል። መላእክት ሎጥን ቁጭ ብለህ ጸልይ አላሉትም፤ እጁን ይዘው አወጡት፤ እንዲሸሽም አዘዙት። የጠፉት ነገሩን እንደ ቀልድ የቈጠሩት አማቾቹና ወደ ኋላ የተመለከተችው ሚስቱ ናቸው። በዚያች ሌሊት መሸሽ መታዘዝ ነበር፤ መዘግየት ግን አለመታመን ሆነ። ጌታችንም በሕፃንነቱ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ ተሰደደ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያን ስደት ታስባለች። የመላእክት ጌታ መሸሽን ካልናቀ፥ ሰው ቢሸሽ ምን ነውር አለበት?

ምናልባት አንድ ሰው «ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት አልሸሹም» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከፊታቸው የቆመው አምላካቸውን እንዲክዱ የሚያስገድድ ንጉሥ ነበር። ተራራው ማንንም ካድ አይልም። በከንቱ በእሳቱ አፋፍ መቆየት፥ ጌታችን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር የቀረበለትንና ያልተቀበለውን ፈተና እንደ መቀበል ነው።

እኛም በአገው ምድር ተቀምጠን ደኅንነታችንን ለጽድቃችን ዋጋ አድርገን አንቍጠር። በእንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ በጥንት ፍንዳታ በተቦረቦረ ጕድጓድ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው፤ ጣናንም የገደበው በደቡብ በኩል ፈስሶ የረጋ የቀለጠ ዐለት ነው። ገብስና ድንች የምናበቅልበት አፈር ከዚያው እሳት የተገኘ ነው። ስለዚህ የአፋር አርብቶ አደር ከተራራው ሥር መኖሩ ሞኝነት አይደለም፤ ግጦሹና ጨው የሚያገኝበት ምድር፥ የአባቶቹም መቃብር በዚያ ናቸውና። ለድኻ ሰው ቀዬን መተው ሌላ ሞት ነው።

ስለዚህ «ሽሹ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የሸሸውን የሚቀበል ሊኖር ይገባል። ጫግኒ ይህን ታውቃለች፤ በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ሰይፍ የሸሹ ብዙ ወገኖች በራንች መጠለያ ሲሰፍሩ አይታለችና። ከሰይፍ የሸሸውን እምነትህ ጎድሏል ያለው ማን ነው? ከእሳት ለሚሸሸውም እንዲሁ ይሁን፤ ሃይማኖቱንም ሆነ ነገዱን ሳንጠይቅ፥ በመንገድ የወደቀውን እንዳነሣው ሳምራዊ እንሁንለት።

በእሳት ተራራ አቅራቢያ የምታገለግሉ ካህናት አባቶቻችን ሆይ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር መናወጥ መርማሪዎችና የመንግሥት ሹማምንት የሚሰጡትን ማስጠንቀቂያ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት አሰሙ። ሽማግሌዎች፥ ድውያንና ነፍሰ ጡሮች አስቀድመው ይውጡ፤ ታቦቱም በክብር ይውጣ። በሩቅ ያለን እኛ ደግሞ ምጽዋታችንን ወሬው ትኩስ በሆነበት ሳምንት ብቻ አንስጥ፤ የተሰደደው ወደ ቀዬው እስኪመለስ ወይም አዲስ ቀዬ እስኪያገኝ ድረስ እንጽና። ጸሎት ከዚህ ሁሉ ጋር እንጂ በዚህ ሁሉ ፈንታ አይደለም።

ምድርን በጥበቡ ያጸና አምላክ ሕዝባችንን ይጠብቅልን፤ ለተሰደዱትም ማረፊያ ይስጥልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።